ስሕተት ኃጢአት የሚሆንበት ሰዓት

ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው፣ የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት የሚያወጣ ሊቅ ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፎ፣ ከተረፈው አንዱን ለዘመን ሰጥቶ ወንበሩን ካገኘ በኋላ፣ ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ አበቅቴን፣ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ ደግሞ መጥቅዕን ያገኛል፤ ነገር ግን ሁለቱን ስላገኘ ብቻ ሥራዬን ፈጸምሁ ብሎ አይነሣም፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ሊሞሉ ግድ ነውና፣ ደምሮ ሳያይ ወደ ጾመ ነነዌና ወደ ትንሣኤ አይሻገርም። ድምሩ 29 ወይም 31 የወጣለት እንደ ሆነ፣ ማንም ሳይገሥጸው፣ ማንም ሳያሳፍረው፣ ብቻውን በተቀመጠበት ስሕተቱ ራሱ ጮኾ ይነግረዋል፤ እርሱም ተመልሶ ይሠራል። አበው ይህን ሥርዓት ሲያቆሙልን የሰው ልቡና በባሕርዩ የሚስት መሆኑን አውቀው፣ ከሥራው ጎን የሥራውን ምስክር አብረው አቆሙልን።

ፈተና የሚለው ቃል በቋንቋችን ብዙ ቤት አለው፤ ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ ይፈተናል፤ ወርቅ በእሳት ይፈተናል፤ ጻድቅም በመከራ ይፈተናል። ሦስቱም በአንድ ምሥጢር የሚገናኙ ይመስለኛል፤ ይኸውም በውስጥ የተሰወረው ነገር በፈተና እስኪገለጥ ድረስ ባለቤቱ እንኳ የማያውቀው መሆኑ ነው። በዘመናችን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሠራተኞች ለዚህ ቃል አራተኛ ቤት ሠርተውለታል፤ እነርሱ «ቴስት» ይሉታል፤ እኛ ግን ፈተና ብንለው ምሥጢሩ አይጐድልም። እኔም ለብዙ ዓመታት በዚሁ ሙያ እንጀራዬን የበላሁ ሰው በመሆኔ፣ በቀን የሠራሁትን ማሽን በሌሊት ሲፈትነው እያየሁ አንድ ጥያቄ ሲመላለስብኝ ኖሯል፤ የሰው ሥራ ከስሕተት የማይነጻ ከሆነ፣ ሠሪው ስለ ስሕተቱ የሚጠየቀው እስከ ምን ድረስ ነው? ስሕተትስ ኃጢአት የሚሆነው በየትኛው ሰዓት ነው?

ሙያውን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ልግለጥ። አንድ ፕሮግራም ብዙ ሰዎች በየዘመናቸው የጻፉት፣ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር መስመር ያለው ሕንፃ ነው፤ በአንዱ ማዕዘን የተነቀለ ጠጠር በሌላው ማዕዘን ያለውን ግድግዳ ሊያፈርስ ይችላል፤ አፍራሹም ያፈረሰውን አያይም። ስለዚህ ሠራተኛው ከዋናው ኮድ ጎን ሌሎች ትንንሽ ኮዶች ይጽፋል፤ የእነርሱም ሥራ መጠየቅ ብቻ ነው፤ «ይህን ቍጥር ብሰጥህ ያን ትመልሳለህን? ስሙን ሳይጽፍ የመጣውን ሰው ትከለክላለህን?» እያሉ ዋናውን ኮድ ይመረምሩታል። መልሱ እንደ ተጠበቀው ከሆነ አረንጓዴ ምልክት ይታያል፤ ካልሆነ ቀይ ይሆንና፣ ማሽኑ ራሱ በየትኛው ፋይል፣ በስንተኛው መስመር፣ ምን ተጠብቆ ምን እንደ ተገኘ የሚገልጥ ሪፖርት ለሠራተኛው ይልካል። ሠራተኛው አንዲት መስመር በለወጠ ቍጥር፣ ስለዚያች መስመር የተጻፈው ጥያቄ ብቻ ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጠራቀሙት ጥያቄዎች ሁሉ እንደ ገና ይጠየቃሉ።

ይህ ሥርዓት ለአብነት ትምህርት ቤት ልጅ እንግዳ አይደለም። የዳዊት ተማሪ አዲስ መዝሙር ከመቀጸሉ በፊት የትናንቱንና የትናንት ወዲያውን ይከልሳል፤ የኔታም ከዛፉ ሥር ዐይናቸውን ከድነው ተቀምጠው፣ በቀኛቸው አንዱ፣ በግራቸው ሌላው በአንድነት ሲያነበንብ ሳለ፣ ከመካከላቸው አንዱ ልጅ ተነሽ የሆነውን ቃል ወዳቂ አድርጎ ያነበበ እንደ ሆነ ዐይናቸውን ሳይገልጡ «ተመለስ» ይሉታል። ልጁ ትናንት በሚገባ ያነበበውን ዛሬ ስለ ምን እንደሚጠየቅ አይገባውም ይሆናል፤ የኔታ ግን አዲሱ ቀለም አሮጌውን ገፍቶ እንደሚጥለው ከዘመን ብዛት ያውቃሉ። የፕሮግራም ሠራተኞች ከስንት ኪሳራ በኋላ የደረሱበት ጥበብ፣ እነሆ፣ ከክለሳ የተለየ አይደለም።

ይሁን እንጂ ፈተናን አመስግኖ ስለ ወሰኑ ዝም ያለ ሰው ግማሽ እውነት ተናግሯል። የኔዘርላንዱ የኮምፒውተር ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ ገና በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ.፣ ፈተና የስሕተትን መኖር እንጂ አለመኖሩን ሊያስረዳ እንደማይችል አስተምሮ ነበር። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ወደ ባሕረ ሐሳቡ እንመለስ። የ2016 ዓመተ ምሕረት ዓመተ ዓለም 7516 ነው፤ በ19 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ሰጥተን ወንበሩ 10፣ አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ይሆናል፤ ድምሩም 30 ነው። አንድ ደቀ መዝሙር ግን ያን አንዱን መቀነስ ረስቶ 11ን ወንበር ቢያደርግ፣ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ይወጣለታል፤ እነዚህም ሲደመሩ 30 ናቸው። ፈተናውን አለፈ፤ በዓሉን ግን ሳተ። አበቅቴና መጥቅዕ እርስ በርሳቸው የሚመሳከሩ ሁለት ምስክሮች ቢመስሉም፣ ሁለቱም የተቀዱት ከአንድ ወንበር ነውና፣ ወንበሩ ከተሳሳተ ተስማምተው ይሳሳታሉ።

ይህ የአንድ ደቀ መዝሙር ዕጣ ብቻ እንዳይመስለን፣ እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 በፈረንሳይ ጊያና፣ ከኩሩ የማስወንጨፊያ ጣቢያ የተነሣውን አሪያን 5 የተባለውን የአውሮፓ ሮኬት እናስታውስ። ሮኬቱ አቋሙንና አቅጣጫውን የሚነግሩት ሁለት መሣሪያዎች ነበሩት፤ አንዱ ቢደክም ሌላው እንዲተካው ታስቦ ነበር። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ዐይነት ፕሮግራም የያዙ ነበሩ፤ ያም ፕሮግራም ከቀድሞው ሮኬት ከአሪያን 4 የተወረሰ ነበር። አዲሱ ሮኬት ወደ ጎን የሚምዘገዘግበት ፍጥነት ከቀድሞው ስለሚበልጥ፣ ከ32,767 በላይ መያዝ በማይችል ጠባብ ስፍራ የማይገባ ቍጥር መጣ፤ የሚያሳዝነውም ያ ስሌት ሮኬቱ መሬት ከለቀቀ በኋላ ለምንም የማያገለግል መሆኑ ነው። ተጠባባቂው መሣሪያ ተዘጋ፤ ዋናውም የሰከንድ ዐሥረኛ ሳይሞላ ተከተለው። ከመዘጋቱ በፊት ግን የስሕተቱን መግለጫ ላከ፤ ሮኬቱን የሚነዳው ኮምፒውተርም ያን መግለጫ የጕዞ መረጃ መስሎት፣ እንደ ትእዛዝ ተቀብሎ የሞተሮቹን አፍ አዞረ፤ ሮኬቱም ገና 40 ሰከንድ ሳይሞላው ከተሸከማቸው አራት ሳተላይቶች ጋር በአየር ላይ ተበታተነ። በሒሳብ ሊቁ በዣክ ሉዊ ሊዮንስ የተመራው የምርመራ ጉባኤ እንዳስረዳው፣ መሣሪያው በአዲሱ ሮኬት የጕዞ መሥመር አስቀድሞ አልተፈተነም ነበር፤ ተፈትኖ ቢሆን ስሕተቱ በምድር ላይ ሳለ ይገለጥ ነበር።

ሁለት ምስክሮች አንድ ቃል ቢናገሩ ነገሩ ይጸናል የሚለውን የኦሪት ሥርዓት ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን በመጽሐፈ ሶስና የተጻፈው የዳንኤል ፍርድ የሥርዓቱን ነፍስ የሚያሳየን ይመስለኛል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሶስና አመነዘረች ብለው በአንድ ቃል በመሰከሩ ጊዜ ጉባኤው ሕጉ ተሟላ ብሎ ንጽሕቲቱን ሴት ለሞት ሰጣት፤ ብላቴናው ዳንኤል ግን ምስክሮቹን ለያይቶ፣ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት እያንዳንዳቸውን ለብቻ ጠየቃቸው፤ አንዱ ከአንዱ የተለየ ዛፍ ሲጠራ፣ ስምምነታቸው ከእውነት ሳይሆን ከምክር የመጣ መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ የምስክር ኃይል በቍጥሩ ሳይሆን በነጻነቱ ነው። ሠራተኛው የሚጽፈው ፈተና ኮዱን ከጻፈው ከዚያው ልቡና የሚቀዳ ስለ ሆነ፣ ያላሰበውን ነገር አይጠይቅም፤ ስለዚህም ከሠሪው ምክር ያልነበረ፣ ዕቃውን ይዞ የሚሠራበት፣ ሲበላሽ የሚጐዳ ሌላ ምስክር ሊሰማ ግድ ይሆናል። ያላሰብነውን ዛፍ የሚያየው እርሱ ነው። ከተጠቃሚው የሚመጣ የስሕተት አቤቱታ የፈተናው ፍጻሜ ነው ማለቴ ስለዚህ ነው።

ዳሩ ግን ምስክር መናገሩ ብቻ አይበቃም፤ የሚሰማው ቋንቋና የሚሰማ ጆሮ ያሻዋል። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ቴራክ 25 የተባለ የጨረር ሕክምና መሣሪያ በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማንን ከመጠን ባለፈ ጨረር መታ። በ1986 በቴክሳስ፣ በታይለር ከተማ የሆነው ይህ ነው፤ የመሣሪያው ሠራተኛ አንዲት ፊደል ተሳስታ ጻፈች፤ ወዲያው አስተካከለች፤ ማሽኑ ግን እጇ የፈጠነውን ያህል አልፈጠነምና፣ በውስጡ እርስ በርሱ የሚጣላ ሐሳብ ይዞ ጨረሩን ለቀቀ። በመስኮቱም ላይ «ማልፈንክሽን 54» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ትርጕሙን የሚያስረዳ መጽሐፍ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ መልእክት በየጊዜው ይመላለስ ስለ ነበር፣ እንደ ልማዷ «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ ተጫነች። በዚያ ዕለት በክፍሉ የነበረው የድምፅ መገናኛ ተበላሽቶ፣ የምስሉም መመልከቻ ከመብራቱ ተነቅሎ ስለ ነበር፣ ሕመምተኛው ሁለተኛ ተመትቶ ከአልጋው ተነሥቶ በሩን እስኪደበድብ ድረስ ጩኸቱን የሰማ አልነበረም። የታዘዘለት የጨረር መጠን 180 ራድ ሲሆን፣ የደረሰበት ከ16,500 እስከ 25,000 ራድ እንደሚሆን ተገምቷል፤ ከወራት በኋላም ዐረፈ። ባለሙያዎቹ እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን አይችልም ብለው መሣሪያውን ወደ ሥራ መለሱት፤ ሁለተኛ ሰው ከተመታ በኋላ ነው የሆስፒታሉ የፊዚክስ ሊቅና ያቺው ሠራተኛ አብረው ተቀምጠው፣ የጣቷን ፍጥነት እየደጋገሙ፣ ያን መልእክት በፈለጉት ጊዜ ማስወጣት የቻሉት። ማሽኑ በእርግጥ ተናግሮ ነበር፤ ነገር ግን በማይፈታ ቋንቋ ተናገረ፤ ለትንሹም ለትልቁም እኩል እየጮኸ የሰሚዎቹን ጆሮ አስቀድሞ አድክሞት ነበር። ሁሉን የሚከስ ከሳሽ ማንንም እንዳልከሰሰ ነው።

ሌሎችን ስወቅስ ራሴን እንዳልረሳ፣ የገዛ እጄን ሥራ ደግሞ ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ፕሮግራም ስንሠራ፣ ከጻፍናቸው ፈተናዎች አንዱ በጳጉሜን 6 ቀን የሚከፈል ገንዘብ በመዝገብ መግባቱን የሚጠይቅ ነበር። የማስረከቢያው ዋዜማ ላይ ሳለን ያ ፈተና ቀይ ሆነ፤ አብሮኝ የሚሠራው ወጣት «ጋሼ፣ ጳጉሜን 6ን እንቢ ይላል፤ ምን ይሻለናል?» ሲለኝ፣ ዘመኑ ማቴዎስ ነበርና፣ «ዘመነ ሉቃስ ሩቅ ነው፤ ለጊዜው አስተኛው» አልሁት። ፈተናን ማስተኛት ማለት ሳይሰርዙት እንዳይጠይቅ ማድረግ ነው። አስተኛው፤ መስኮቱም በሙሉ አረንጓዴ ሆነ፤ እኛም ተመሰጋግነን ወደ ቤታችን ሄድን። «ለጊዜው» ያልሁት ቃል ግን ከእኔ ኅሊና ቀድሞ እንቅልፍ ወሰደው።

ዘመነ ሉቃስ ሲፈጸም ጳጉሜን 6 ቀን እንደ ሥርዓቷ መጣች። ፕሮግራሙ በዚያ ቀን የተከፈለውን ገንዘብ ሳይጮኽ፣ ሳይቃወም፣ ዝም ብሎ ጣለው። በመስከረም ወር ለሌላ ጕዳይ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በሄድሁበት ቀን፣ አንዲት በርበሬ ነጋዴ የሆኑ እናት በእጅ የተጻፈ ደረሰኛቸውን ዘርግተው፣ ከፍለው ሳለ ስለ ምን ቅጣት እንደ ተጻፈባቸው ሲጠይቁ ደረስሁ። ጸሓፊው በትሕትና «እናቴ፣ እኛ የምናምነው ማሽኑን ነው፤ በማሽኑ ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን የለም» አላቸው። እርሳቸውም ደረሰኛቸውን አጥፈው እየያዙ «የሌለ ቀን ከሆነ፣ ልጄ፣ ያን ዕለት ፀሐይ ለምን ወጣች?» አሉት። ጸሓፊው ሣቀ፤ እኔ ግን ያስተኛሁት ፈተና በሰው አንደበት ተነሥቶ ሲጠይቀኝ ሰማሁ።

የእኔ በደል በጥቂት ብር ቅጣት አለፈ፤ በብሪታንያ ፖስታ ቤት የሆነው ግን እንዲሁ አላለፈም። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ፕሮግራም በየቅርንጫፉ ሲተከል፣ የቅርንጫፍ ኀላፊዎች ያላጐደሉት ገንዘብ ጐድሎ ይታይባቸው ጀመር። ገንዘብ አልነካንም፣ ስሕተቱ የማሽኑ ነው ብለው ባመለከቱ ጊዜ፣ ብዙዎቹ እንዲህ ያለ አቤቱታ ያቀረበ ሌላ ሰው የለም የሚል መልስ አገኙ፤ የአገሪቱም ሕግ ተቃራኒው እስኪታይ ድረስ ኮምፒውተር በትክክል እንደሚሠራ ይገምት ነበር። ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው፤ የታሰሩ፣ የከሰሩ፣ ሕይወታቸውን ያጠፉም ነበሩ። ፕሮግራሙ እንዲህ ያለ ጕድለት የሚፈጥር ስሕተት እንደ ነበረበት ከፍተኛው ፍርድ ቤት የወሰነው በ2019 ነው፤ ፓርላማው ፍርዶቹን የሚሽር ሕግ ያወጣውም በ2024። ዳንኤል ምስክሮችን የለያየው ሐሰት እንድትገለጥ ነበር፤ እዚህ ግን ምስክሮቹ ተለያይተው፣ እያንዳንዱ ብቻህን ነህ እየተባለ፣ እውነት ተሰወረች። አንድ ቀላል የሒሳብ ስሕተት በሐሰት መመስከር ወደሚባለው የዐሥርቱ ትእዛዛት መተላለፍ ያደገው፣ ፕሮግራሙ በተሳሳተበት ቀን ሳይሆን አቤቱታው ባልተሰማበት ቀን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ግእዙን ብንመረምር፣ ስሕተት «ስሕተ» ከሚለው ግስ የወጣ ሆኖ መንገድ መሳትን ያመለክታል፤ ኃጢአት ግን የወጣው «ኀጥአ» ከሚለው ነው፤ ኀጥአ ማለትም አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ ማለት ሲሆን፣ «አጣ» የሚለው አማርኛችንም ከዚሁ የተወለደ ነው። መንገድ የሳተ ሰው ገና ሁሉን አላጣም፤ ከኋላው «ወዴት ትሄዳለህ?» የሚል ድምፅ ቢሰማ ይመለሳልና። ያ ድምፅ ደርሶት ሳለ የሚሰማ ጆሮ ያጣ ሰው ግን መመለሻውን አጣ፤ ስሕተትን ከኃጢአት የሚለየው ድንበርም የተተከለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 4 የተሠራው ሥርዓት ሳያውቁ የሠሩትንም ኃጢአት ይለዋልና፣ ከእኔ አከፋፈል ይልቅ ጥብቅ ነው፤ ሆኖም መሥዋዕቱን እንዲያቀርብ ሰውየውን የሚያስገድደው፣ የሠራው ነገር ከታወቀው ሰዓት ጀምሮ ነው። ከመታወቁ በፊት ያለው የሰው ባሕርይ ድካም ነው፤ ከታወቀ በኋላ ያለው የፈቃድ ሥራ ነው።

አንድ ብልህ አንባቢ ግን «እንዲህ ከሆነ አለማወቅ መዳኛ ሆነ፤ ፈተና የማይጽፍ፣ አቤቱታ የማይቀበል ሰው ከሁሉ የነጻ ሊሆን ነው» ብሎ ይሞግተኝ ይሆናል። ሙግቱ ትክክል ነው፤ መልሱም ጆሮን ከድምፁ በኋላ መድፈንና ከድምፁ በፊት መድፈን አንድ በደል መሆኑ ነው። እንዲያውም አስቀድሞ የደፈነው ይከፋል፤ ያኛው አንዱን ምስክር ሲያሳፍር፣ ይህኛው የሚመጡትን ሁሉ አሳፍሯልና። ሌላውም «ማሽን ራሱን ከፈተነና ስሕተቱን ካመለከተ፣ እንግዲህ ኅሊና አለው ማለት ነውን?» ይል ይሆናል። ቀዩ ምልክት ጸጸት አይደለም፤ ማሽኑ ስሕተቱን ሲናገር የሚከፍለው ነገር የለም፤ ስለዚህም አያፍርም፣ አያባብልም፣ አይደክምም። የሚያፍረው ሪፖርቱን የሚያነብበው ሰው ነው፤ እፍረት ያለበት ደግሞ ወይ ያርማል፣ ወይ እንደ እኔ ያስተኛል።

ይህን ምርጫ አስቀድመው የተረዱ ሰዎች በሙያው መካከል መገኘታቸው ያጽናናል። አሜሪካዊው ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ኤስኪውላይት የተባለ የመረጃ ማከማቻ፣ ዛሬ በእጃችን በያዝነው ስልክ ውስጥ ሳይታይ የሚያገለግል ነው፤ ለፈተና የተጻፈው ኮድ ከዋናው ኮድ ወደ 590 እጥፍ እንደሚደርስ ሠሪዎቹ ይናገራሉ። ሂፕ ለሥራው ማኅበር የምግባር ደንብ ይሆን ዘንድ የመረጠው በ6ኛው መቶ ዓመት የተጻፈውን የቅዱስ ቤኔዲክቶስን የምንኵስና ሥርዓት፣ ምዕራፍ 4ን ነው። ቤኔዲክቶስ ከግብፅ በረሃ አባቶች በተቀዳው ትምህርት የተመራ ነበርና፣ ሥርዓተ ጳኵሚስን ወደ ግእዝ መልሰው ለተቀበሉት ለእኛ መነኮሳት በአባትነት ዘር ይዛመዳል። እኔ ግን ሂፕ ከመረጠው ምዕራፍ ይልቅ ለሙያችን የሚቀርበው ምዕራፍ 46 ነው እላለሁ፤ በዚያ እንደ ተሠራው፣ አንድ መነኵሴ በወጥ ቤት ወይም በአትክልት ቦታ ሲሠራ ዕቃ ቢሰብር ወይም ቢያጠፋ፣ ወዲያው መጥቶ በደሉን በአበ ምኔቱና በማኅበሩ ፊት የተናገረ እንደ ሆነ ነገሩ ይቀልለታል፤ እርሱ ዝም ብሎ በሌላ ሰው አፍ የታወቀበት እንደ ሆነ ግን ተግሣጹ ይጸናበታል። ሸክላው በሁለቱም ወገን ያው የተሰበረ ሸክላ ነው፤ ቅጣቱን የለየው ዝምታ ነው።

የስታንፎርዱ ሊቅ ዶናልድ ክኑትም ከዚህ የራቀ አልነበረም። በመጽሐፎቹ ስሕተት ላገኘ ሰው 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም፣ ቴክ በተባለው የመጽሐፍ መልቀሚያ ፕሮግራሙ ስሕተት ላገኘ ደግሞ 327 ዶላር ከ68 ሳንቲም እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ ይከፍል ነበር፤ በ1989 እ.ኤ.አ. በዚያ ፕሮግራም የተገኙበትን ስሕተቶች በዝርዝር ለዓለም አሳተመ። የፕሮግራሙን የእትም ቍጥር ከ3 ነጥብ 14 ጀምሮ በየእርማቱ አንዲት አኃዝ እየጨመረ ወደ ፓይ ያስጠጋዋል፤ ፓይ ማለቂያ የሌለው ቍጥር ነውና፣ ወደ ፍጹምነት መቅረብ እንጂ መድረስ እንደሌለ በዚሁ ይናዘዛል። በሞቱ ቀን ግን ቍጥሩ ራሱ ፓይ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ የሚገኘው ስሕተት ሁሉ እንደ ስሕተት አይቈጠር፣ ማንም አይንካው ብሎ ተናዟል። ከሞት በኋላ ንስሐ የለም የሚለውን የአባቶች ትምህርት የሚያውቅ አንባቢ ይህን ኑዛዜ ሲሰማ ፈገግ ይል ይሆናል፤ እኔ ግን የማርሚያ ዘመን የተወሰነ መሆኑን ያወቀ፣ ስሕተቱን የሚነግረውንም ሰው እንደ ባለውለታ የቈጠረ ሠሪ ትሕትና አድርጌ አየዋለሁ።

የበርበሬ ነጋዴዋን ነገር ሳልፈጽም አልተው። በዚያው ቀን ስሕተቱ የማን እንደ ሆነ ለማኅበሩ ሰዎች ነገርኋቸው፤ ቅጣቱም ተነሣላቸው፤ ይቅርታ ስጠይቃቸው ግን እናታችን ስለ ራሳቸው አልተናገሩም፤ «በዚያ ቀን የከፈልሁት እኔ ብቻ ነኝን?» ብለው ጠየቁኝ። የእጅ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ስናገላብጥ፣ ማሽኑን አምነው፣ ወይም ክርክር ፈርተው፣ ቅጣቱን ዝም ብለው የከፈሉ ሌሎች ሰዎች አገኘን። የእርሳቸው አንድ አቤቱታ ለዝምተኞቹ ሁሉ ተረፈ። ማታ ያን ፈተና ከእንቅልፉ ቀሰቀስነው፤ ቀይ ሆነ፤ ኮዱን አርመን አረንጓዴ እስኪሆን ጠበቅን። ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ማቴዎስም ቢሆን ማርቆስ፣ ሉቃስም ቢሆን ዮሐንስ፣ ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቶ መብራቱ ከጠፋ በኋላ፣ ማሽኑ በየሌሊቱ ስለ ጳጉሜን 6 ይጠይቃል።